አንድ አባታችን ሆይ በአንድ እግር

በጎፋ ሰፈር እንደ እኔ ግትር ልጅ አልነበረችም። ይህን የምለው በኩራት ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ገና ሆዴ ውስጥ እያለች ስትራገጥ ነው የከረመችው» እያለች ለጎረቤት ስታማኝ፣ እኔ እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማው። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የፋብሪካ ስፖርት ክለብ ሯጭ አድርጎ ሲወስደኝ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ሰማያዊ ቱታ ሰጡኝ፤ የክለቡ ስም ጀርባው ላይ በነጭ ተጽፏል። ያንን ቱታ ለብሼ ስወጣ የታክሲ ወያላ ሳይቀር «አትሌቷ!» እያለ ይጣራል። አንዳንዱ ሲያሾፍብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድ አልነበረኝም፤ እያሾፈም ቢሆን አትሌት ብሎኛል።

እናቴ ግን ሩጫዬን አትወደውም። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ለደንበኞቿ በመሸጥ ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። ማለዳ ኪዳን ሳታስደርስ ሥራ አትጀምርም። የምሮጥበት ቁምጣ ያሳፍራታል። አጥቤ ሳሰጣው ጎረቤት እንዳያየው ነጠላዋን ከላይ ታሰጣበታለች። «አምላኬ፣ ይቺን ልጅ ልብ ስጥልኝ» ስትል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ልብማ ነበረኝ፣ ያውም ለሁለት ሰው የሚበቃ።

ልምምዳችን ብዙውን ጊዜ ከሀና ማርያም ባሻገር ነበር። ያኔ ያ ሁሉ ገጠር ነው። የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ ሁላችንም የምንፈራው ድንጋያማ ቁልቁለት። እኔ እንደማልፈራው አስመስል ነበር። ክረምቱ እንደ ወጣ አንድ ጠዋት ከፊት ሆኜ ስወርድ ቀኝ እግሬ የተንቀሳቀሰ ድንጋይ ረገጠና ወለም አለ። ድምፁን ሰማሁት። ቁርጭምጭሚቴ ዓይኔ እያየ አበጠ።

እናቴ በብስራተ ገብርኤል በኩል ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ወሰደችኝ። በቅቤ አሹኝ፣ ሳቡኝ፣ ጮህኩ። ሽማግሌው «ጩኺ፣ ለጎረቤት ማስታወቂያ ይሆነኛል» አሉና የታመመው እግሬ የሌላ ሰው እግር የሆነ ይመስል ሥራቸውን ቀጠሉ። እብጠቱ ጎደለ፤ ወጌሻውን አልወቅሳቸውም። ሰንበት ብዬ ወደ ልምምድ ተመለስኩ። አንዷ የክለብ ጓደኛዬ «ለመሆኑ እንዴት ነው የወደቅሽው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሜ «እንዲህ ረገጥኩና እንዲህ ታጠፈ» እያልኩ ሳሳያት ድጋሚ ታጠፈ። ሞኝን እባብ ሁለቴ ነከሰው ይባላል፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። ተረቱ ለእኔ የተተረተ መስሎኝ ራሴም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

ከዚያ በኋላ እግሬ ልማድ አወጣ። በደህና መንገድ፣ ከታክሲ ስወርድ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ሳይቀር እጥፍ ይላል። ከውጭ በኩል ካለው አጥንት ሥር የማይለቅ ሕመም ገባብኝ። ስጀምር ይነካካኛል፣ ስሞቅ ይተወኛል፣ ስበርድ ይዞ ያሳድረኛል። አሰልጣኛችን ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። ሳነክስ ለጥቂት ቀን አየኝና ጠራኝ።

«ከጥምቀት በኋላ ማጣሪያ አለ። ከፊት የገባ ክለቡ ውስጥ ይቆያል፣ ያልገባ ቱታውን ይመልሳል። ለሁላችሁም እኩል ነው።»

«እሮጣለሁ» አልኩት።

«በዚህ እግርሽ አትሮጪም። ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሚሉት ክፍል አለ። ሂጂ።»

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ከጥምቀት በፊት እግሬ ካልዳነ ሯጭ መሆኔ አከተመ፤ እናቴ ጎን ቁጭ ብዬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። በርበሬ መቀንጠስ ነውር የለውም። እኔ ግን የተፈጠርኩት ለዚያ አልነበረም፤ ያን ጊዜም በደንብ አውቀው ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ክፍል ትልቅ መስታወት፣ ጥንድ የብረት መደገፊያ፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ስፖንጅ ነበረው። የሚበዙት ታካሚዎች በጦርነቱ እግራቸውን ያጡ ወታደሮች ናቸው፤ ብረቱን ይዘው በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ይለማመዳሉ። የክፍሉ ባለሙያ ወፈር ያለች፣ መነጽር የምታደርግ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች። ሁሉም ሲስተር ይሏታል፤ እኔም ሲስተር አልኳት።

«ሯጭ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ፣ ቱታዬን እንድታየው ትንሽ ዞር ብዬ።

«ጫማሽን አውልቂና በቀኝ እግርሽ ቁሚ።»

ቆምኩ። ይህማ ምን ይከብዳል?

«አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ፤ እሷው ትከሻ ላይ ወደቅሁ። ድጋሚ ሞከርኩ፣ ድጋሚ ወደቅሁ። በግራ እግሬ ስቆም እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ አልኩ። ወደ ቀኙ ስመለስ ያው ነው። ብረቱን ይዞ የቆመ አንድ ወታደር ሲያየን ቆይቶ ሳቁ አመለጠው።

«እህቴ፣ እኔ ለመድኃኒት በተረፈችኝ አንዲት እግር እቆማለሁ። አንቺ ሁለት ይዘሽ ትወድቂያለሽ?»

በዚያ ክፍል እሱ ሲናገር ማን ይመልስለታል? ፊቴ ጋለ። ሲስተር አስቀመጠችኝና ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች አስረዳችኝ።

«ጅማትሽ እየዳነ ነው። ያልዳነው ሌላ ነው። እግር መሬቱ ሲያዘነብል ራሱ አውቆ ራሱን ያቃናል፤ አንቺ አታዢውም። ያንቺ እግር ያንን ረስቷል። መሬቱ ማዘንበሉን የሚያውቀው ከታጠፈ በኋላ ነው። ሕመሙም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚታጠፍ ነው። ስለዚህ እንደ ሕፃን መቆም እናስተምረዋለን።»

«ሩጫስ?»

«ሩጫ የለም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪማር።»

«ማጣሪያ አለብኝ እኮ ሲስተር።»

መነጽሯን ወደ ታች አድርጋ አየችኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እናትሽ ይህን አላስተማሩሽም?»

ሥራው ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው በጎማ ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ከሚገባው ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ከአልጋ እግር ጋር ታስሮ፣ እግሬን አስገብቼ ወደ ውጭ መሳብ። ሁለተኛው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የምትበልጠው ያቺ ያዋረደችኝ ነበረች፤ በአንድ እግር መቆም። መጀመሪያ ዓይንን ገልጦ፣ ቀጥሎ ጨፍኖ፣ በመጨረሻ ለስለስ ያለ ነገር ላይ ቆሞ።

«ለምን ያህል ጊዜ ልቁም?»

«ሰዓት አለሽ?»

«የለኝም።»

«አባታችን ሆይ ትችያለሽ?»

«እንዴት አልችልም!»

«እንግዲያው ሳትቸኩዪ፣ አንድ አባታችን ሆይ እስክትጨርሺ። ሳትወድቂ እመቤቴ ማርያም ሆይን ከጨመርሽበት መጥተሽ ንገሪኝ።»

ከዚያ ስወጣ አዝኜ አልነበረም። ተናድጄ ነበር፤ ለእኔ ንዴት ከስንቅ ይቆጠራል። እግር የሚማረው በመቆም ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከእኔ የበለጠ የሚቆም አይኖርም አልኩ። በዚያው ጎፋ ወዳለው ጎሚስታ ሄጄ አሮጌ ከመነዳሪ እንዲቆርጥልኝ ጠየቅሁት።

«ለምንሽ ነው?»

«ለእግሬ።»

«ምነው፣ እግርሽ ፈነዳ እንዴ?» ብሎ እስኪበቃው ስቆ ረጅም ቁራጭ ሰጠኝ።

ግቢያችን ውስጥ በርከት ያሉ ተከራዮች ነበርን። ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ሴት ናት፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እጇን ጭና ጮክ ብላ የጸለየችልኝ፣ ከዚያም «ተፈውሰሻል፤ ከእንግዲህ አመመኝ እንዳትዪ» ብላ ያስጠነቀቀችኝ እሷ ናት። ጎማውን ስስብ በመስኮት አይታኝ «ምንድነው?» ስትለኝ ነገርኳት። እናቴ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ስለ ሩጫ ካነሳን ጠብ ስለሚሆን፣ ሁለታችንም ባለማንሳት ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

የቤታችን ወለል ጎርባጣ ስለሆነ ለመቆም አይመችም። ቤቱ ጀርባ፣ ቧንቧው አጠገብ ለጥ ያለ ሲሚንቶ አለ። ሩጫ የለመደ ሰውነት ጎህ ሲቀድ ይነቃልና፣ እናቴ ለኪዳን ከመነሣቷ በፊት ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ሲስተር ለስለስ ያለ ነገር ብትለኝም የነበረኝ ጋቢ ብቻ ነው፤ አጥፌ ሲሚንቶው ላይ አነጥፈዋለሁ። ብወድቅ እንድደገፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ግድግዳው ወደ ምሥራቅ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ፣ አንድ እግሬን አንሥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳልቸኩል አባታችን ሆይ እላለሁ።

እንግዲህ እናቴን አስቧት። ቤታችን ውስጥ፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ለዓመታት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት፣ ሌላው እግራቸው ከመቆም ብዛት የተሰበረባቸውና ክንፍ የተሰጣቸው ጻድቅ ሥዕል ነው። እናቴ ማታ ስትተኛና ጠዋት ስትነቃ የምታየው እሳቸውን ነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ለኪዳን ስትወጣ፣ ያቺ ልብ ስጥልኝ እያለች የለመነችላት ልጅ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጭ ጋቢ ላይ፣ በአንድ እግሯ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና «በሰማይ የምትኖር» ስትል አገኘቻት።

የተሰወረ ጸሎት ሲገለጥ በረከቱ ይጎድላል ብላ፣ ዳናዋን አጥፍታ አለፈች። ቤተ ክርስቲያን እስክትደርስ ስታለቅስ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ ያየሁት የጠባይዋን መለወጥ ብቻ ነው። መሳደብ ተወች። ውሃ ሳልቀዳ ስቀር ራሷ ትቀዳለች። ቁምጣዬን ነጠላ ሳትደርብበት ታሰጣዋለች፤ ለካስ ከእንግዲህ የማልለብሰው መስሏት ነው። ጎረቤቶቻችንም ተለወጡ። ሰክሮ እየገባ የሚሳደበው አከራያችን እኔን ሲያይ ኮፍያውን ማውለቅ ጀመረ። አንዲት የእናቴ የማኅበር ወዳጅ ቧንቧው ጋር አግኝታኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያቺ ልጄ ፈተና አለባትና አደራ፣ አስቢያት» አለችኝ። «እሺ፣ አስባታለሁ» አልኳት፤ ሰው ሲለምን እምቢ አይባልም ብዬ። ሁሉም ለቁርጭምጭሚቴ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር። ደግሞም ይገባኛል ብዬ አሰብኩ።

እግሬ መማር ጀመረ። መጀመሪያ «ስምህ ይቀደስ» ላይ እወድቅ ነበር። ቀስ በቀስ «የዕለት እንጀራችንን» ደረስኩ። «በደላችንን» ላይ ለብዙ ጊዜ ቆምኩ፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ እንገዳገዳለሁ። አንድ ጠዋት «አሜን» ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ያነሣሁት እግር አሁንም አየር ላይ ነው። ከታች የተሸከመኝ ቀኙ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እየተንቀጠቀጠ ራሱን ያቃናል። ጅማቶቹ ግራና ቀኝ ሲሳሳቡ ይሰማኛል። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። የደስታዬን መግለጫ ቱታዬን ለብሼ እስከ መንገድ ልራመድ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ቱታው ከሚስማሩ ላይ የለም።

ሳጥን ፈተሽኩ፣ አልጋ ሥር አየሁ። እናቴ ከኪዳን ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኋት።

«እማዬ፣ ቱታዬ የት ሄደ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግ አለች። እንደዚያ ለስለስ ብላ አይታኝ አታውቅም።

«መለስኩላቸው ልጄ። አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ ራሴ ወሰድኩላቸው። ልጄ ዓለም በቃኝ ብላለች፣ ከእንግዲህ አትሮጥም አልኳቸው።»

ሰማዩ የተደፋብኝ መሰለኝ። ጮህኩ። ምን ስል እንደነበር ሁሉንም አላስታውስም። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ማጣሪያው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ግቢው በሙሉ ሰማ። እናቴ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት የምታደርጊው ምንድነው?»

«ለእግሬ ነዋ! ስፖርት ነው!»

«አባታችን ሆይ ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሰዓት ስለሌለኝ ነው!»

እንደ ሹክሹክታ ባለ ድምፅ «እግዚአብሔርን ሰዓት አደረግሽው?» አለችኝና ገብታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አላዘንኩላትም። ቱታዬን ነው ያዘንኩለት። የወላይታዋ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ አየችንና ራሷን ነቀነቀች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እትዬ የተናገሩትን ማን ይመልሰዋል?» አለችኝ። «አንቺ ግን ለምን አልነገርሻቸውም?»

እያነከስኩ ሳይሆን እየተራመድኩ አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ፤ ለእኔ ተነሥቶ አያውቅም።

«መነኮስሽ ሲሉ ሰማሁ።»

«አልመነኮስኩም። እግሬን እያሠራሁ ነው።»

«እማማ እዚህ ድረስ መጥተው ቱታውን አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፤ አለቀሱ። ምን ልበል? አሜን ብዬ ሸኘኋቸው።» አገጩን አከከ። «ቱታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። አሁን የክለቡ አይደለሽም።»

«ማጣሪያውን ልሩጥ።»

«ሲስተሯ ትሩጥ ካለች፣ ከውጭ እንደ መጣ ሰው ትሮጫለሽ። ከውጭ ለሚመጣ ያለን ቦታ ጥቂት ነው። ከግንባር ቀደሞቹ ካልገባሽ ሌላ ዕድል የለም። እኔንም አትለምኚኝም።»

«እኔ ለምኜ አላውቅም» አልኩት፤ እየለመንኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እኔና እናቴ ተኳርፈን አሳለፍነው። ጠዋት ጠዋት ቧንቧው አጠገብ እቆማለሁ፤ እሷ በአጠገቤ አልፋ ኪዳን ትሄዳለች፤ አንተያይም። ለእሷ የባሰው ጎረቤቱ ነበር። የማኅበር ወዳጆቿ «እንዴት ናት ጻድቋ?» እያሉ ሲስቁ እሰማለሁ፤ እናቴ ራሷን ቀና አድርጋ ታልፋለች። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ጊዜም አዘንኩላት። ይቅርታ ማለት ግን አቃተኝ፤ ቱታዬን ያስወሰደችብኝ እሷ አይደለችም ወይ?

ጥምቀት አለፈ። ሲስተር ስፖንጁ ላይ በቀኝ እግሬ አቆመችኝ፣ ዓይኔን አስጨፈነችኝ፣ ትከሻዬን ሳልጠብቅ ገፋችኝ። ተወዛወዝኩ፤ አልወደቅሁም። ከጀርባ ገፋችኝ፤ አልወደቅሁም። ከደረጃ ላይ በአንድ እግር አዘለለችኝና ማረፊያዬን ተንበርክካ አየች። ያ ወታደር አሁን ብረቱን ለቆ በአዲስ እግሩ ይራመዳል።

«እንግዲህ እኩያሞች ሆንን» አለኝ።

ሲስተር መነጽሯን ጠረገች። «ሩጪ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቁልቁለት ላይ እግርሽን አትዪው። ካየሽው ትጠራጠሪዋለሽ፤ ከተጠራጠርሽው ይደርቅና ይታጠፋል። ወደፊት እዪ። ተምሯል፣ እመኚው።»

ማጣሪያው የተደረገው እዚያው ከሀና ማርያም ባሻገር፣ ጤፉ የታጨደበት ማሳ ላይ ነው። የምንዞረው ደጋግመን ሲሆን በእያንዳንዱ ዙር ያቺ ድንጋያማ ቁልቁለት አለች። እኔ ያረጀ ቢጫ ካናቴራ ለብሼ ከኋላ ቆምኩ። ሰማያዊ ቱታዬን የወሰደችው ልጅ ከፊት እየተሟሟቀች ነበር፤ እጅጌው ይረዝማታል።

ተጀመረ። ሜዳው ላይ ደህና ነበርኩ፤ ትንፋሼ ብዙ አልጎደለም። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ሳላዘው ወደ እግሬ ወረደ። ድንጋዩን እያየሁ፣ እየመረጥኩ፣ እንደ አሮጊት እየተጠነቀቅሁ ወረድኩ። በግራም በቀኝም አለፉኝ። በሁለተኛው ዙርም ያው ሆነ። ሜዳ ላይ የደረስኩባቸው ቁልቁለት ላይ መልሰው ያልፉኛል። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ከፊቴ ብዙ ጀርባ ይታየኝ ነበር፤ እንዲህ ከወረድኩ እንደማይበቃኝ አወቅሁ። እመኚው ማለት ቀላል ነው።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ቀና ስል፣ ከታች ከድንጋይ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው አየሁ። አንደኛዋ የወላይታዋ ጎረቤታችን ናት። በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ የያዘቻት ሌላዋ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ጫማዋን አውልቃለች፤ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የቆመችው በአንድ እግሯ ነው። እናቴ ስሮጥ ልታይ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም ነበር፤ አሁንም መጥታ ዓይኗን ጨፍናለች።

ጉልበቷን ያማታል እኮ። ደረጃ ስትወጣ እንኳ ግድግዳ ትይዛለች። ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ፤ ዓይኔን ከእሷ መንቀል አልቻልኩም፤ ስለ እግሬ ጨርሶ ረሳሁ። ድንጋዮቹ ከሥሬ ሲንቀሳቀሱ ይሰማኛል። አንደኛው ቀኝ እግሬ ሥር ተገለበጠ፤ ቁርጭምጭሚቴ ወደዚያው ወደ ድሮው ልማዱ አዘነበለ፤ እኔ ምንም ሳላዘው ደግሞ ራሱን አቃና። ሜዳው ላይ ስደርስ ከፊቴ የነበሩት ጀርባዎች ጥቂት ብቻ ቀርተው ነበር። ከዚያ በኋላማ እኔን ማን ይይዘኛል? ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ። አሰልጣኙ «ሰኞ መጥተሽ ቱታ ውሰጂ» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ላቤን እንኳ ሳልጠርግ ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ጎረቤታችን እጇን እያፍታታች ታማርራለች።

«እኔ በጻድቃን ሥዕል አላምንም ብያቸዋለሁ፤ እትዬ እንዳይወድቁ ግን እይዛለሁ። ክንዴን ገነጠሉት!»

እናቴ ፊት ቁጢጥ አልኩ። ይቅርታ ልላት ነበር አመጣጤ። ስናገር የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ጸሎት ነዋ» አለችኝ፣ አሁንም በኩርፊያ። «እንዳንቺ ሰዓት አይደለም።»

ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝና አነሣኋት። በማሳው መሐል፣ በሀና ማርያም በኩል አድርገን ወደ ታክሲው ተመለስን። ክንዴን ይዛ ነበር የምትሄደው። ያን ቀን ስታነክስ የነበረችው እሷ ናት።